ስለ ርግቦችና ስለ ሰገነት መረብ

የአዲስ አበባ ሕዝብ በየጓሮው ተበታትኖ ይኖርበት ከነበረው ቤት እየወጣ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ መግባት ከጀመረ ወዲህ፤ ይኸውም የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት ሥራ በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፤ ከዚህ በፊት ያልታሰቡ ብዙ የጉርብትና ጉዳዮች ተፈጥረዋል። ቀድሞ ጎረቤትና ጎረቤት የሚጣላው ስለ አጥር ወሰንና ስለ ውሃ መውረጃ ነበር። አሁን ግን አንዱ ከሌላው በላይ፥ ሌላው ከአንዱ በታች ስለሚኖር፤ ከላይኛው ቤት የሚንጠባጠበው የልብስ እጣቢ፥ ከታችኛው ቤት የሚወጣው የከሰል ጢስ፥ በሌሊት የሚወቀጠው ሙቀጫ፥ ሁሉም የክርክር ምክንያት ሆኗል። ከነዚህም መካከል ስሙ ትንሽ፥ ነገሩ ግን ትንሽ ያልሆነ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በየሰገነቱ የሚሰፍሩት የርግቦች ነገር ነው።

ጉዳዩን ያልቀመሰ ሰው «ርግብ ደግሞ ምን ታደርጋለች?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ዳሩ ግን ያጠበችውን ነጭ ነጠላ በሰገነት ገመድ ላይ አስጥታ፥ ማታ ልታነሣ ስትወጣ በኩስ ተዥጎርጉሮ ያገኘችው እናት አትስቅም። የሰገነቱ በር በተከፈተ ቁጥር ላባና አቧራ ወደ መኝታ ቤቱ የሚገባበት፥ ከዚህም የተነሣ በሩን ዘግቶ ያለ ነፋስ የሚቀመጠው ሽማግሌ አይስቅም። ለድርቆሽ የተቆራረሰውን እንጀራ ወይም ለሽሮ የተሰናዳውን አተር በፀሐይ ያሰጣ ቤተሰብ፥ ግማሹ ተበልቶ ግማሹ ተበክሎ ሲያገኘው አይስቅም። ሰገነት ማለት በጋራ ሕንፃ ለሚኖር ሰው ጓሮውም፥ ደጁም፥ የእህል ማስጫውም ስለሆነ፤ ሰገነቱን የተነጠቀ ሰው ከቤቱ አንድ ክፍል እንደ ተነጠቀ ይቆጠራል።

ስለዚህም ሰገነታቸውን በመረብ የሚጋርዱ ሰዎች አሉ። መረብ መልካም መድኃኒት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት ለብቻው፥ እንደ ኪሱና እንደ ችኮላው የሚሰቅለው መረብ፤ ርግቢቱን ከአንዱ በር አባሮ ወደ ሌላው በር የሚሰድድ፥ አንዳንድ ጊዜም ጠልፎ አንጠልጥሎ የሚገድል ነው። የመረብ ሥራ የአንድ ቤት ሥራ ሳይሆን የሕንፃው ሁሉ ሥራ ሊሆን ይገባዋል። ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት፥ አስቀድሞ የርግቢቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ርግቦቹ ለዚህ አገር እንግዶች አይደሉም። በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ ከሚታዩት አንዷ መልኳ ግራጫ ሆኖ በአንገቷ ላይ ነጭ ክፈፍ ያላት ናት፤ የእንስሳት ሊቃውንት ኮሉምባ አልቢቶርኩዌስ ይሏታል። ይህች ርግብ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ እንጂ በሌላ በማናቸውም የዓለም ክፍል አትገኝም። ሁለተኛይቱ በክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፥ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላት ስትሆን፤ እርሷም በብዙ የአፍሪቃ አገር የምትኖር ናት። ሦስተኛዎቹ ከሰው እጅ ወጥተው በከተማ የተራቡት፥ ዘራቸው ከጥንት ከገደል ርግብ የሚመዘዘው ናቸው። ሦስቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም የተፈጥሮ ማደሪያቸው የገደል ግድግዳ፥ የዋሻ አፍና የድንጋይ ስንጥቅ መሆኑ ነው። አሁን ባለ አራት ፎቁን ሕንፃ በርግብ ዓይን ቢመለከቱት ምን ይመስላል? ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ በየደረጃው ከዝናብና ከፀሐይ የተጠለለ ጥልቅ ዋሻ አለው፤ በዋሻውም ውስጥ አሮጌ ወንበር፥ ባዶ ጄሪካን፥ የተጣለ ካርቶን ተከምሮ የጎጆ ሥፍራ ተሰናድቶለታል። እንግዲህ ርግቢቱ ወደ ሰው ቤት ገባች ከማለት ይልቅ፥ ሰው ገደል ሠርቶ ጠራት ማለት ይቀላል።

ይህ ማለት ግን የርግብ ኩስ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በደረቀና በተከማቸ ኩስ ውስጥ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ሻጋታ መሰል ተሕዋስ እንደሚገኝ ሐኪሞች ያውቃሉ። ይህ ተሕዋስ ከአቧራ ጋር ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ፤ የሰውነታቸው መከላከያ በደከመ ሰዎች ላይ፥ ይልቁንም የኤች አይ ቪ ሕመም ገፍቶባቸው መድኃኒት ባልጀመሩ ሰዎች ላይ፥ ብርቱ የማጅራት ገትር በሽታ ሊያመጣ ይችላል። እንዲሁም ከላባና ከኩስ በሚነሣው ብናኝ ምክንያት ሳንባቸው እየቆሰለ የሚሄድባቸው ሰዎች አሉ፤ ይህም ከዱሮ ጀምሮ በርግብ አርቢዎች ላይ የታየ ሕመም ነው። ጤነኛ ሰው በሰገነቱ ሁለት ርግቦች ቢያይ መደንገጥ አያሻውም። አደጋው የሚበረታው ኩሱ ለወራት ተከምሮ ከደረቀ በኋላ አንድ ቀን በደረቅ መጥረጊያ ሲጠረግ ነው። በብዙ ቤት ይህን ሥራ የምትሠራው ደግሞ የቤት ሠራተኛይቱ ናት፤ አፏንና አፍንጫዋን የምትሸፍንበት ጨርቅ እንኳ ሳይሰጣት «ሰገነቱን ጥረጊ» ትባላለች። ትክክለኛው ሥርዓት እንዲህ አይደለም። ኩሱን አስቀድሞ በውሃ ማራስ፥ አፍና አፍንጫን በጭምብል መሸፈን፥ ጓንት ማድረግ፥ የራሰውን ጠራርጎ በላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ ማስወገድ፥ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ይህን ለመሥራት የሚያስወጣው ገንዘብ ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ከጤናውም በቀር ኩሱ ብረትና ቆርቆሮ ይበላል፤ ከላባና ከጭራሮ ጋር ሆኖ የጣሪያውን አሸንዳ ስለሚደፍን፥ ክረምት በመጣ ጊዜ ውሃው መሄጃ አጥቶ በላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ ይወርዳል።

ችግሩ ይህን ያህል ከሆነ ሰው መፍትሔ መፈለጉ አያስገርምም። የሚያሳዝነው ግን የሚመረጠው መፍትሔ ነው። አንዳንዱ የሚያብረቀርቅ የሙዚቃ ሸክላ በክር ያንጠለጥላል፤ ሌላው የላስቲክ ጉጉት ገዝቶ ያቆማል። ርግቢቱ ለጥቂት ቀን ትፈራለች፤ ጉጉቱ እንደማይንቀሳቀስ ካየች በኋላ ግን በራሱ ላይ ታርፍበታለች። ሌላው ሙጫ ይቀባል፤ ሙጫው ርግቢቱንም፥ ሌላውንም ትንሽ ወፍ ሁሉ አጣብቆ በስቃይ ይገድላል። ከሁሉ የከፋው መርዝ በእህል ለውሶ የሚያስቀምጠው ነው። በመርዝ የሞተች ርግብ በመርዘኛው ሰገነት ላይ አትወድቅም፤ በጣሪያው ላይ፥ ክዳኑ በተከፈተ ሮቶ አጠገብ፥ ወይም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ትወድቃለች። የወደቀችውን ድመት ትበላታለች፤ ጭልፊትም ያነሣታል፤ እነርሱም በተራቸው ይሞታሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ከጎረቤት ተሰውሮ የሚሠራ መሆኑ ብቻውን፥ ሠሪው ራሱ ሥራውን እንደሚያፍርበት ያስረዳል።

መግደል ጥቅም እንደማይሰጥም ከሌላ አገር የታየ ምስክር አለ። በስዊስ አገር ባዝል በምትባለው ከተማ የከተማይቱ ሹማምንት ለብዙ ዓመታት ርግቦችን እያጠመዱና እየተኮሱ በብዙ ሺሕ አስገደሉ፤ ነገር ግን የርግቦቹ ቁጥር አልቀነሰም። ምክንያቱም ምግቡና ማደሪያው እስካለ ድረስ፥ የሞተችውን ሥፍራ በዚያው ዓመት የተወለደችው ትይዘዋለች። በ1988 እ.ኤ.አ. ግን ሐሳባቸውን ለውጠው፥ ሕዝቡ ለርግብ ምግብ መበተኑን እንዲተው በትምህርትና በማስታወቂያ አስረዱት፤ በአራት ዓመት ገደማ የርግቦቹ ቁጥር እስከ እኩሌታ ወረደ። የባዝል ሰዎች ያገኙት ትምህርት የሚጠቅመው ለባዝል ብቻ አይደለም።

መረብ እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ የሚሻለው፥ ሳይገድል ሥፍራውን ብቻ ስለሚዘጋ ነው። ዳሩ ግን አሁን በየሕንፃው የሚታየውን የአሰቃቀል ልማድ ልብ ብሎ መመልከት ይገባል። ሃያ አባወራ በሚኖርበት አንድ ሕንፃ ላይ አንድ ሰው በሦስተኛው ፎቅ ሰገነቱን በመረብ ቢዘጋ፤ በዚያ ያድሩ የነበሩት ርግቦች ከተማውን ለቅቀው አይሄዱም። ርግብ ማደሪያዋን የምትወድድ፥ ከሩቅ አገር ቢለቅቋት እንኳ ተመልሳ የምትመጣ ፍጥረት ናት። ስለዚህ ከሦስተኛው ፎቅ የተባረሩት በሁለተኛው ወይም በአራተኛው ይሰፍራሉ። በአራተኛው ያለው ሰው በተራው መረብ ሲገዛ፥ ርግቦቹ መረብ ባልተሰቀለባቸው ሰገነቶች ይጠባበባሉ። እንዲህ እያለ በመጨረሻ የሕንፃው ርግብ ሁሉ የሚከማቸው በማን ሰገነት ነው? መረብ ለመግዛት በማይችለው ሰው ሰገነት ነው። በጡረታ ገንዘብ በምትኖረው እናት ቤት፤ ባለቤቱ በሌላ አገር ሆኖ ስለ ሰገነቱ ደንታ በሌለው የኪራይ ቤት፤ ወይም በሕመም ተኝቶ ወደ ውጭ በማይወጣው ሰው መስኮት ላይ ይከማቻል። ኩሱ ይበልጥ የሚጎዳው ሕመምተኛውንና ሽማግሌውን መሆኑን ካሰቡ፥ ይህ አከፋፈል ምን ያህል የተገለበጠ እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ባለመረቡ ሰው ክፉ አሳቢ አይደለም፤ ልጆቹን ከቆሻሻ ለመጠበቅ ያደረገው ነው። ቢሆንም ቅሉ የእርሱ ዕረፍት የተገዛው በጎረቤቱ ድካም ነው።

ለዚህ ሕግም መንገድ ከፍቷል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 370/1995፤ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚይዘውን ቤትና ሁሉም በአንድነት የሚይዙትን የጋራ መጠቀሚያ ለያይቶ፥ የጋራው ጉዳይ በቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲተዳደር አድርጓል። ጣሪያው፥ ደረጃው፥ አሸንዳው የማንም ብቻ አይደለም፤ ርግቦቹም የሚያድሩት በሰገነት ብቻ ሳይሆን በነዚህም ሁሉ ላይ ነው። ማኅበሩ ለጥበቃ፥ ለደረጃ መብራት፥ ለውሃ መግፊያ ሞተር ገንዘብ እንደሚያዋጣ ሁሉ፥ ስለ መረቡም በጠቅላላ ጉባኤ መክሮ ሊያዋጣ ይችላል። ሃያ ቤት በአንድነት ሲገዛ መረቡ በጥቅል ስለሚገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ ባለሙያውም መሰላሉንና መሰርሰሪያውን አንድ ጊዜ ተሸክሞ መጥቶ ሁሉንም ስለሚጨርስ የእጁ ዋጋ ይቀላል። መዋጮው በአንድ ጊዜ የሚከብዳቸው ቤተሰቦች ቢኖሩ፥ እንደ እቁብ በየወሩ እየተከፈለ ሊያልቅ ይችላል፤ እድር ሬሳ ለማንሣት የማያንስ አገር መረብ ለማንሣት አያንስም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለዚህ ጉዳይ ሲጠቀስ ማጋነን ይመስላል፤ የሚታሰር አንበሳ የለምና፥ የሚፈለገው ድሩ ማበሩ ብቻ ነው።

ስለ መረቡ አሠራር ጥቂት ማብራራት ይገባል፤ አብዛኛው ስሕተት የሚደረገው እዚህ ላይ ነውና። ለርግብ የሚበቃው የመረብ ዓይን ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ዓይን ርግብን ያግዳል፤ ብርሃንንና ነፋስን ግን አያግድም። እህል የሚያሰጣ ቤተሰብ ግን አንድ ነገር ማወቅ ይኖርበታል፤ ድንቢጥ በ50 ሚሊ ሜትር ዓይን በደስታ ትገባለች። ድንቢጥንም ለመከልከል የሚፈልግ ሰው 20 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዓይን ያለው መረብ መምረጥ አለበት። ክሩ ፖሊኤቲሊን ከሚባለው ላስቲክ የተገመደና በየመገናኛው የተቋጠረ፥ ለፀሐይም እንዲጸና ሆኖ የተሠራ ሊሆን ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋ ለላስቲክ ብርቱ ጠላት ናት፤ ለፀሐይ ያልተሰናዳ ርካሽ ክር በጥቂት ጊዜ ይደርቅና ይበጣጠሳል። አንዳንድ ሰው ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆነውን ቀጭን መረብ ገዝቶ ይሰቅላል። ይህ መረብ የተሠራው ለመያዝ እንጂ ለመከልከል አይደለም፤ ርግቢቱ ሳታየው ትገባበታለች፤ እግሯንና ክንፏን ይተበትባታል።

ከክሩም ይልቅ ዋናው ነገር አወጣጠሩ ነው። መረቡን በሚስማር አንጠልጥሎ መተው አይጠቅምም። በሰገነቱ አፍ ዙሪያ፥ ከላይ ከታችና ከሁለቱ ጎን፥ ግድግዳውን በየግማሽ ሜትሩ እየበሱ ፊሸርና የማይዝግ መንጠቆ ይተክላሉ፤ በመንጠቆዎቹም ውስጥ የሽቦ ገመድ አሳልፈው በማወጠሪያ ብሎን እንደ ክራር ጅማት ያጠብቁታል፤ መረቡ የሚታሰረው ከዚህ ገመድ ጋር ነው። በትክክል የተወጠረ መረብ በጣት ሲነኩት ተመልሶ ይገፋል፤ ርግቢቱም መጥታ ስታርፍበት እንደ ግድግዳ መልሷት ትሄዳለች። የረገበ መረብ ግን በነፋስ እየተወዛወዘ ኪስ ይሠራል። በኪሱ የገባችው ርግብ መውጫ አጥታ ትንጠለጠላለች፤ ሦስት ቀንም አራት ቀንም ስትንፈራገጥ ሕፃናት ከታች ቆመው ያያሉ፤ ከሞተችም በኋላ ማንም ደርሶ ሊያወርዳት ስለማይችል እዚያው ትደርቃለች። በጥግ በኩል የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ከቀረችም እንዲሁ ነው፤ ርግቢቱ በቀዳዳዋ ትገባለች፤ መውጫውን ግን አታገኘውም። ስለዚህ ሥራው ካለቀ በኋላ ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ዙሪያውን መፈተሽ፥ ከዚያም በኋላ ቢያንስ ክረምት ሲገባና ክረምት ሲወጣ መመልከት ያስፈልጋል። ማኅበር ይህን አንድ ሰው ሰይሞ ያሠራዋል፤ ግለሰብ ግን አንድ ጊዜ ከሰቀለ በኋላ ይረሳዋል።

ከመስቀሉም በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። በሰገነቱ ላይ ጎጆ ካለ፥ እንቁላል ወይም ጫጩት ካለበት፥ መረቡ መቆየት አለበት። ርግብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሎቹን ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ከሁለት ሳምንት በላይ ይታቀፏቸዋል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ፥ ሁለቱ ወላጆች በጉሮሯቸው ውስጥ በሚፈጠር ወተት መሰል ምግብ ይመግቧቸዋል። አንድ ወር ያህል ሲሞላቸው ይበርራሉ። እንግዲህ ከእንቁላል እስከ መብረር ያለው ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ወር ተኩል ያህል ነው። መረቡ በዚህ መካከል ቢዘጋ፥ ወላጆቹ ከውጭ ሆነው በመረቡ ላይ ይመላለሳሉ፤ ጫጩቶቹም ከውስጥ እየጮኹ በረኃብ ይሞታሉ። በኦሪት ዘዳግም በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ፥ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ታዝዟል፤ ብዙ ነገር ለመደንገግ የተጻፈ ሕግ ለወፍ ጎጆ ሥፍራ መስጠቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አንድ ወር ተኩል መታገሥ የማይችል ባለቤት፥ ለዓመታት ከችግሩ ጋር ኖሮ በመጨረሻው ሳምንት ለምን እንደ ቸኮለ ራሱን ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። ጎጆ እንዳይጀመር ደግሞ ጭራሮው በታየ ቀን፥ እንቁላል ሳይጣል ማንሣት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

የሚገርመው ነገር፥ በዚያው ምዕራፍ ከወፍ ጎጆው ትእዛዝ ቀጥሎ የሚመጣው፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ከላይ ወድቆ የሚሞት እንዳይኖር በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ የሚያዝዘው ቃል ነው። ይህ ለሰገነት መረብ ጉዳይ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። ብዙ ወላጆች መረብ ከሰቀሉ በኋላ ሕፃን ልጃቸውን በሰገነት ላይ ያለ ጠባቂ ይተዋሉ፤ መረቡ ይይዘዋል ብለው ነው። የርግብ መረብ የሕፃን ክብደት ለመሸከም የተሠራ አይደለም። ልጅን የሚጠብቀው ቁመቱ የሚበቃ የብረት ወይም የግንብ መከታና የሰው ዓይን ነው። ባለሙያውም ቢሆን በአራተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ ያለ መታጠቂያ ገመድ ሲሠራ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ አሠሪው ማኅበር ይህን አስቀድሞ ሊከለክል ይገባዋል።

በመረቡ ላይ ተቃውሞ የሚያነሡ ሰዎችም አሉ። አንዳንዱ «መረብ የተሰቀለበት ሕንፃ ወህኒ ቤት ይመስላል» ይላል። ይህ ተቃውሞ እውነትነት የሚኖረው፥ አንዱ አረንጓዴ፥ አንዱ ሰማያዊ፥ አንዱ ነጭ፥ አንዱም የተቀዳደደ መረብ እያንጠለጠለ ሕንፃው የድሪቶ መልክ ሲይዝ ነው። በአንድ ቀለም፥ ይልቁንም በጥቁር ወይም በግራጫ፥ በእኩል ተወጥሮ የተሠራ መረብ ግን ከመንገድ ላይ ቆመው ሲያዩት እምብዛም አይታይም። ሌላው ደግሞ ርግብን ማባረር ነውር ነው ይላል። ርግብ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የተከበረች ፍጥረት ናት፤ ለኖኅ የወይራ ቅጠል ያመጣች እርሷ ናት፤ በዮርዳኖስም መንፈስ ቅዱስ የታየው በአምሳሏ ነው፤ በመካ በሐረሙ ዙሪያ ያሉትንም ማንም አይነካቸውም። ይህ አክብሮት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ማክበርና በመኝታ ቤት በር ላይ ማሳደር አንድ አይደሉም፤ ደግሞም በትክክል የተሠራ መረብ ርግቢቱን ወደ ገደሏና ወደ ዛፏ ይመልሳታል እንጂ አንዲት ላባ አይነቅልባትም። በሰገነቱ ላይ በርኅራኄ ጥሬ የሚበትን ሰው ግን፥ ርኅራኄው የሚያርፈው በታችኛው ቤት ሰው ልብስ ላይ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል። በህንድ አገር በሙምባይ ከተማ፥ በሃይማኖት ምክንያት ለርግብ እህል የሚበተንባቸውን አደባባዮች ባለ ሥልጣኖች በ2017 ዓ.ም. ክረምት መዝጋት በጀመሩ ጊዜ፤ በሚመግቡትና በአካባቢው ነዋሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነገሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። በአንድ ሕንፃ ጉባኤ ሊያልቅ የሚችል ነገር ሲቆይ እንዲህ ይሰፋል።

ምግቡን በተመለከተ በጋራ ሕንፃዎች ግቢ የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ። የቆሻሻ ገንዳ ክዳን የለውም፤ ቢኖረውም አይዘጋም። ከየቤቱ የሚወጣው የእንጀራ ፍርፋሪና የንፍሮ ትራፊ በገንዳው ዙሪያ ተበትኖ ይውላል። ርግቦቹ ጠዋት የሚበሉት እዚያ፥ የሚያድሩት እላይ ነው። መረቡ ሁሉ ተሰቅሎ ገንዳው እንዳለ ቢቀር፥ ርግቦቹ በጣሪያው ሥርና በደረጃው መስኮት ላይ ሆነው ክፍተት እስኪያገኙ ይጠብቃሉ።

ይህ ሁሉ የተነገረው ተሠርተው ስላለቁት ሕንፃዎች ነው። ገና በመሠራት ላይ ስላሉት የሚነገረው አጭር ነው። ርግብ ጠፍጣፋ ደፍ ትወድዳለች፤ ከ45 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ ደፍ ላይ ግን እግሯ አይጸናም። የመስኮቱ ደፍና የጌጡ ክፈፍ በንድፍ ላይ ሳለ እንዲያዘነብል ቢደረግ፥ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል የሚቀረው ክፍተት ሽቦ ወንፊት ቢገባበት፥ በየሰገነቱም ዙሪያ የመረብ ማሠሪያው መንጠቆ ኮንክሪቱ ሲሞላ አብሮ ቢቀበር፤ የሚጨምረው ወጪ ከሕንፃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚቆጠር አይሆንም። በርክክብ ቀን ቧንቧውንና መብራቱን እየመረመረ የሚመዘግበው መሐንዲስ ይህንም በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ጨምሮ ቢመለከት፤ ቤቱን የሚረከበው ሰው ቁልፉን በተቀበለ በማግሥቱ መሰርሰሪያ ተከራይቶ በአራተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ ከመንጠልጠል ይድናል።